በጀርባ የሚታዘል ጣቢያ

ላየው ሰው የተማሪ ቦርሳ ነው። ጥቁር፣ ማንገቻው ሰፋ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ለአየር መውጫ በመረብ የተከፈተ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ፣ ሰው ለእግር ኳስ ሲሰበሰብ፣ ይህን ቦርሳ ያዘለ ወጣት የካሜራ ባለሙያ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከቦርሳው ውስጥ የትንሽ ማራገቢያ ድምፅ ይሰማል። እጄን ባሳርፍበት ይፋጃል። ከላይ የኮምቦልቻ ፀሐይ፣ ከጀርባ ይህ ሙቀት፤ የልጁ ሸሚዝ ከገላው ተጣብቋል። ከካሜራው የወጣ አንድ ገመድ ቦርሳው ውስጥ ይገባል፤ ማንገቻው ላይ ደግሞ መዳፍ የማታክል ስክሪን ተንጠልጥላለች። ስክሪኗ ላይ ስድስት ዘንጎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ ሲም ካርድ ነው። አረንጓዴ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ ቢጫ ከሆነ እየጠበበ ነው፤ ቀይ ከሆነ ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ሰው ካሜራውን የማይ ይመስለዋል፤ የኔ ዓይን ግን እነዚህ ላይ ነው» አለኝ።

ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስድስቱም አረንጓዴ ነበሩ። ሜዳው ሲሞላ ሁለቱ ቢጫ ሆኑ። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሕዝቡ ስልኩን እያወጣ መቅረጽና መላክ ጀመረ፤ ያኔ አራቱ ቀሉ። ልጁ አልተናገረም። ትራይፖዱን ነቅሎ ከሜዳው ዳር ወዳለ ያላለቀ ፎቅ ሮጠ፤ እኔም እያለከለክሁ ተከተልሁት። ሦስተኛው ወለል ላይ፣ ከሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ቆሞ ስክሪኗን ተመለከተ። ሦስት ዘንጎች ወደ አረንጓዴ ተመልሰዋል። «አብሽር» አለኝ፤ «ከዚህ ይሄዳል።»

ቦርሳው የቴሌቪዥን ጣቢያ ማስተላለፊያ ነው። ብዙ ባለሙያ በአንዱ አምራች ስም ላይቭ ዩ ይለዋል፤ ላይቭ ዩ እ.ኤ.አ. በ2006 እስራኤል ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ቲቪዩ እና የካናዳው ደጄሮም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ሥራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ የአንድን ካሜራ ምስል በብዙ የሞባይል መስመሮች ላይ ከፋፍሎ ይልካል፤ ስቱዲዮ ሲደርስ መልሶ አንድ ያደርገዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ ግን የለወጠው ብዙ ነው።

ከዚህ በፊት ከደሴ በቀጥታ ለማስተላለፍ ኦቢ ቫን መምጣት ነበረበት። ኦቢ ቫን ጎማ የተገጠመለት ስቱዲዮ ነው፤ ምስሉን ወደ ሳተላይት የሚልክ ሳህን የተሸከመ መኪናም አብሮት ይመጣል። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ደብረ ብርሃንን ያልፋሉ፤ ጣርማ በርን ወርደው ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አቋርጠው ኮምቦልቻ ይደርሳሉ፤ ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥተው ደሴ ይገባሉ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ፣ ጄኔሬተር፣ የኢንጂነሮች አበል፣ የሳተላይት ኪራይ ሁሉ ይቆጠራል። ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ያንኑ ያህል ይመለሳል፤ ለዚህ ሁሉ ጉዞ ሩብ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ጥራቱ አይታማም። ብዙ ካሜራ ለሚፈልግ ትልቅ በዓል ዛሬም የሚተካው የለም። ነገር ግን ማን በቀጥታ ይታይ የሚለውን የሚወስነው ወጪው ነበር። ለትልቅ ጉባኤ መኪናው ይመጣል። ለሰኞ ገበያ የእህል ዋጋ፣ ቦርከና ሞልቶ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የምርቃት ቀን አይመጣም። የእነዚህ ምስል በካሴት፣ ኋላም በሚሞሪ ካርድ ሆኖ በአውቶቡስ ይላካል፤ ዜናው ሲነበብ ጎርፉ ጎድሏል።

ደሴ ወሬን በአየር መላክ ትናንት የጀመረች ከተማ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያዘንቡባት ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ ጦርነቱን ሊዘግቡ የመጡ የውጭ ጋዜጠኞችም ነበሩ። የድብደባው ወሬ በሬዲዮ ቴሌግራፍ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ያን ጊዜ በአየር የሚሄደው ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ነጥብና ሰረዝ ሆኖ። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። ምስል ከራሷ ከደሴ፣ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ተነሥቶ ሲሄድ ለማየት ደግሞ ሌላ ግማሽ ምእት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ቦርሳው ውስጥ እንግባ። የኤችዲ ካሜራ ጭመቃ ሳይነካው የሚያወጣው ምስል በሰከንድ 1.5 ጊጋቢት ያህል ነው። ይህን ከሜዳ ወደ ላይ የሚሸከም የሞባይል መስመር አንድ ጋዜጠኛ ደሴ ቀርቶ ለንደንም አያገኝም። ስለዚህ ቦርሳው መጀመሪያ ይጨምቃል። የጭመቃው ብልሃት የማይለወጠውን ደግሞ አለመላክ ነው። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ካሜራ ብትደግኑ ጦሳ ተራራ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው አይንቀሳቀስም፤ አንዴ ከተላከ በቃው። የሚላከው ከፊቱ የሚያልፈው ባጃጅ ነው። ኤች 265 የተባለው የጭመቃ ስልት ከእርሱ በፊት የነበረው ኤች 264 በሚፈልገው ግማሽ ያህል ዳታ ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል። በዚህ መንገድ ያ 1.5 ጊጋቢት ወደ 5 ወይም 8 ሜጋቢት ይወርዳል፤ ሁለት መቶ እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቅነሳ መሆኑ ነው። እግር ኳስ ግን አስቸጋሪ ነው። ሃያ ሁለት ሰውና አንድ ኳስ በአንድ ላይ ሲሮጡ፣ ካሜራውም እየተከተለ ሲዞር፣ ከፍሬሙ ላይ «ይህ አልተለወጠም» የሚባል ነገር ይጠፋል።

ቀጥሎ ጭነት ማከፋፈል ይመጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እህል የሚያወርድ ነጋዴ አስቡ። ስድስት አህዮች አሉት። ሁሉንም በአንድ መንገድ አይነዳቸውም፤ ሁለቱን በሐረጎ አስፋልት፣ ሁለቱን በዶሮ መዝለያ በኩል፣ የቀሩትን በሌላ አቋራጭ ይልካል። ከረጢቶቹ ላይ ተራ ቁጥር ጽፏል። ታች የሚጠብቀው ወንድሙ ከረጢቶቹን በደረሱበት ሰዓት ሳይሆን በቁጥራቸው ይደረድራል። 7ና 9 ደርሰው 8 ከቀረ ሌላ 8 እንዲላክለት ያስጠራል። አንዱ መንገድ በጭቃ ከተያዘ ነጋዴው ቀጣዩን ጭነት በሌላው ላይ ያበዛል። ቦርሳው ይህን ሁሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያደርገዋል። ወንድምየው ደግሞ ስቱዲዮ ያለው ሰርቨር ነው። ከረጢት 8 እስኪደርስ የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሚያስፈልገው ምስሉ ሆን ተብሎ በትንሹ ይዘገያል፤ መንገዱ ጥሩ ከሆነ ከሰከንድ በታች፣ ካልሆነ ሁለት ሦስት ሰከንድ። የስቱዲዮው አቅራቢ ጠይቆ የደሴው ዘጋቢ ራሱን እየነቀነቀ ጥቂት ዝም ሲል ያያችሁት ይህን ነው። ጥያቄው ገና እየደረሰው፣ መልሱም ገና እየተጓዘ ነው።

የአህዮቹ ምሳሌ ግን መንገዶቹ በእርግጥ የተለያዩ ሲሆኑ ብቻ ነው የሚሠራው። ስድስት ሲም ካርድ ሁሉም የአንድ ኩባንያ ከሆኑ፣ ሁሉም ከአንድ ማማ የሚጠጡ ከሆነ፣ ስድስት እንስራ ይዞ አንድ ቧንቧ ላይ መሰለፍ ነው። ቧንቧው ሲዘጋ ስድስቱም ባዶ ናቸው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የነበረው ኩባንያ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር ቦርሳው የተፈለሰፈበት ብልሃት እዚህ ግማሽ ጎኑ ተኝቶ ቆይቷል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ያስጀመረው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ይህን ያየው በዳታ ዋጋ በኩል ነው። ቦርሳ ላዘለ ጋዜጠኛ ግን ሁለተኛ መንገድ ተከፈተ ማለት ነበር። ይህም ቢሆን ገደብ አለው፤ ሁለቱ ኩባንያዎች መሠረተ ልማት የሚጋሩባቸው ቦታዎች አሉ። ሲሙ ሁለት፣ ማማው አንድ በሆነበት ቦታ መብራት ሲጠፋና የማማው ባትሪ ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ የመሬቱ አቀማመጥ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ራሱን እየጠመዘዘ ስለሚወርድ በየዙሩ አንዱ ማማ ከተራራው ጀርባ ይደበቅና ሌላው ይወጣል። ስልክ እያወራችሁ ሐረጎን የወረዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ድምፅ ከሆነ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብሎ መቀጠል ይቻላል። የቀጥታ ምስል «ሃሎ» አይልም፤ ይቆማል።

ከአቀማመጡ ይልቅ የሚከፋው ግን ያ እሑድ ያየሁት ነገር ነው፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ካሜራ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሰው በሌለበት ቀን ሆጤ ሜዳ ላይ ዘንጎቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። መስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ፣ በዚያ በመስቀል ቅርጽ አምባ ላይ፣ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ሲሞላ፣ ወይም ጀማ ንጉሥ ላይ መውሊድ ሲደምቅ፣ እያንዳንዱ ሰው ያለበትን ለቤተሰቡ ሊያሳይ ስልኩን ያወጣል። የሁሉም ምስል በዚያችው አንድ ማማ በኩል ወደ ላይ ይገፋል። የጋዜጠኛው ቦርሳ ከማንም ስልክ የተለየ መብት የለውም፤ ተራውን ይጠብቃል።

በዚህ በኩል ዓለም ያገኘው መላ ለወሎ ተስፋ ይሰጣል ብዬ ነው የማስበው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ንጉሥ ቻርልስ ሳልሳዊ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከስኮትላንዱ ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኒውትራል ዋየርለስ የተባለ ኩባንያ ከቢቢሲ ጋር ሆኖ ሰልፉ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ለጣቢያዎች ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ የ5ጂ ኔትወርክ ተከለ። በጎዳናው ዳር የቆመው ሕዝብ የራሱን ኔትወርክ ሲያጨናንቅ የጋዜጠኞቹ ቦርሳ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ በሴን ወንዝ ላይ ሲካሄድ፣ አትሌቶችን በያዙ 85 ጀልባዎች ላይ ከ200 በላይ የሳምሰንግ ስልኮች ተገጥመው ነበር። ተራ ስልኮች ናቸው። ምስላቸውን የተሸከመው ኦራንጅ የተባለው የፈረንሳይ ቴሌኮም የዘረጋው የተለየ 5ጂ ነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው እንግዲህ ካሜራው አይደለም፤ ለካሜራው የተለየው መንገድ ነው።

በእኛ አገር ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በሙከራ ደረጃ አዲስ አበባ ላይ ያስጀመረው ግንቦት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። 5ጂ ሲባል ፍጥነት ብቻ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። ለቀጥታ ስርጭት የሚበልጠው ጥቅሙ ከአንዱ ኔትወርክ ውስጥ ለይቶ መስጠት መቻሉ ነው። በተጨናነቀ ጎዳና ላይ ለአምቡላንስ እንደሚከለል መስመር፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሜዳ፣ ለአንድ ጣቢያ ማለት ነው። የራዲዮ ሞገድ ድልድል በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ለግሸን ክብረ በዓል ሁለት ቀን የሚቆይ ትንሽ ኔትወርክ አምባው ላይ መትከል ለመመረቂያ ጥናት የሚሆን ነገር ነው፤ የስኮትላንዱም ነገር የተወለደው ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው። ይህን ስል ምኞቴን መናገሬ ነው፤ አልደብቀውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? ከሁሉ በፊት የገባው ማንም በማያየው ቦታ፣ በነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ ነው። አዳዲሶቹ ቦርሳዎች አህያው ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ጭነቱን ያነሡለታል። የመስመሩን የቀድሞ ጠባይ፣ ቦታውንና ሰዓቱን አይተው «ይህ መስመር ሊደክም ነው» ብለው ይገምታሉ።

ከዚያ በካሜራው በኩል መጣ። የእስራኤሉ ፒክስሎትና የዴንማርኩ ቪዮ ሰው የማይዛቸው ካሜራዎች ይሠራሉ። ካሜራው ሜዳውን ሙሉ በሙሉ ያያል፤ ኮምፒውተሩ ኳሱን ፈልጎ ፍሬሙን ይከተላል። ለአንድ የወረዳ ውድድር አራት ካሜራ ባለሙያ ማሰማራት ለማይችል ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሽኑ የሚያውቀው የተማረውን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ስኮትላንድ ውስጥ የኢንቨርነስ ካሌዶኒያን ቲስል ጨዋታ በእንዲህ ያለ ካሜራ ሲተላለፍ፣ ካሜራው የመስመር ዳኛውን ራሰ በራ ኳስ እየመሰለው ደጋግሞ ተከተለው። ደጋፊው ጎል ሊያይ ተቀምጦ ራስ አየ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሜዳው አቧራ ነው፤ ፍየል ትገባለች፤ ሕፃናት መስመሩ ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህን ያላየ ማሽን ወሎ ሲመጣ እንደገና መማር አለበት።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። ነፋስንና የጄኔሬተርን ጩኸት ከንግግር ለይተው የሚያጠፉ ማጣሪያዎች አሁን በየስልኩ አሉ። ጦሳ ሥር ነፋስ እየነፈሰ ለሚዘግብ ሰው በረከት ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ ንግግርን እንዲያተርፉ፣ ሌላውን እንዲያጠፉ የሠለጠኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ከመውሊድ የተላከ ድምፅ በእንዲህ ያለ ማጣሪያ አልፎ ሰምቼዋለሁ። መንዙማውን የሚመራው ሰው ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ድቤው ግን እየታፈነ ይጠፋል፤ የጭብጨባው ምት ይቆራረጣል፤ ተቀባዮቹ ከሩቅ ክፍል እንደሚያጉረመርሙ ሆነዋል። እልልታማ ጨርሶ የለም። ማሽኑ ጩኸት ብሎ የጣለው በዓሉን ራሱን ነው። ቴክኒሽያኑ ሲገባው ማጣሪያውን አጠፋው፤ ነፋሱም ድቤውም አብረው ተመለሱ።

ንግግርን ወደ ጽሑፍ መለወጥም እንዲሁ ነው። መስማት ለተሳነው ተመልካች በስክሪን ግርጌ የሚሄድ የቀጥታ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ላይ የተለመደ ሆኗል። ለአማርኛ መንገዱ ተጀምሯል። ሰሎሞን ተፈራ አባተ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረቦቻቸው ጋር 20 ሰዓት ያህል የተነበበ የአማርኛ ንግግር ለምርምር አቅርበዋል፤ ጉግል በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ጨመረ፤ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን የተነበበ ንግግር የዜና አንባቢ ንግግር ነው። ሰኞ ገበያ ላይ የምትናገር እናት አማርኛዋን ከኦሮምኛ ታጋባለች፤ መካከል ላይ የአረብኛ ምርቃት ታስገባለች፤ «አብሽር» ብላ ትጨርሳለች። ማሽኑ እርሷን ለመስማት እርሷን የመሰሉ ብዙ ሰዎችን መስማት አለበት። ይህ ድምፅ ደግሞ አለ። ደሴ ውስጥ ያሉ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አድማጭ እየደወለ የሚናገርባቸው ፕሮግራሞች በየዕለቱ ያስተላልፋሉ። ያ ሁሉ ቅጂ ተጠብቆ፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ ወደ ጽሑፍ ቢገለበጥ፣ ለወሎ አማርኛ ከየትም የማይገዛ ሀብት ነው። ቦታ ለማግኘት ተብሎ የሚሰረዝ እያንዳንዱ ፋይል ያንገበግበኛል።

ቦርሳው ሊያልፈው የማይችለው አንድ ነገር አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ መንግሥት ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ መመለሳቸውን እስኪያሳውቅ ድረስ፣ ስልክ አልነበረም፤ ሰው የዘመዱን በሕይወት መኖር እንኳ ማወቅ አልቻለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ስድስት ሲም፣ ኤች 265፣ የሚገምተው አስተውሎት ሁሉ ያን ጊዜ ከጀርባ የሚከብድ ዕቃ ብቻ ነበር። አምራቾቹ ለእንዲህ ያለ ቀን ከቦርሳው ጋር የምትያያዝ ጠፍጣፋ የሳተላይት ሳህን ያቀርባሉ። እርሷም ፈቃድ ትሻለች።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ጨዋታው አለቀ፤ ሕዝቡ ወጣ፤ ዘንጎቹም አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ተመለሱ። ልጁ ቦርሳውን አውርዶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠና ከኪሱ ጠርዙ የተጣጠፈ የተማሪ ደብተር አወጣ። በየቦታው፣ በየሰዓቱ የትኛው ሲም እንደሠራ ጽፏል። ገጾቹን ገለጥሁ። «ሸዋ በር፣ ጠዋት፣ ሁለቱም ደህና።» «ሆጤ፣ በምሥራቅ በኩል ቁም።» «ቧንቧ ውሃ፣ ከ11 ሰዓት በፊት ጨርስ።» «ሐረጎ፣ አትሞክር።» ብዕሩን አንሥቶ ከሥር አዲስ መስመር ጨመረ፦ «ኮምቦልቻ ሜዳ፣ ሰው ሳይገባ ፎቁ ላይ ውጣ፤ ሦስተኛው ወለል።»

«ለማን ነው?» አልሁት።

«እኔ ሳልኖር ለሚያዝለው» አለኝና ሲሞቹን አንድ በአንድ እያወጣ በሻሽ ያብስ ጀመር።